ምጣዱ ለማን ቁመት ተሠራ?

ካራቆሬ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲኬድ አጣዬን አልፎ፣ ከሚሴ ሳይደረስ፣ አውራ መንገዱን ተከትላ የተዘረጋች የይፋት ከተማ ናት። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ አንድ ግቢ፣ ሳሎኑ ጥግ ላይ፣ ዳንቴል የለበሰ ዕቃ ቆሟል። ላዩ ላይ የፕላስቲክ አበባና የቤተሰብ ፎቶ ተደርድሮበታል። ዳንቴሉ ገለጥ ሲደረግ ኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ልጅ ለእናቱ ከመርካቶ ገዝቶ በአውቶብስ ጭኖ ያመጣው፣ ክዳኑ ገና የሚያብረቀርቅ፣ አንድም እንጀራ ያልወጣበት ምጣድ።

እናቲቱን በልጅነታቸው ልምሻ መትቷቸው ሁለቱም እግሮቻቸው አይታዘዙም። ቤት ውስጥ የሚንቀሳቀሱት በእጃቸው መሬቱን እየተመረኮዙ ነው። እንጀራ የሚጋግሩት ደግሞ ጓሮ ባለው ማጀት፣ በጉልቻ ላይ።

“እትዬ፣ ይኼን የመሰለ ምጣድ ተቀምጦ ለምን በጭስ ይሰቃያሉ?”

“እሱ ለቆመ ሰው ነዋ የተሠራው! እኔ ከታች ሆኜ ሊጡን ሽቅብ ልወርውረው?” አሉና ሳቁ። “ልጄ እንዳይከፋው ብዬ ነው ዳንቴል ያለበስኩት።”

ማጀት ሲገባ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ምጣዱ ከመሬት ሁለት ስንዝር ቢርቅ ነው። ሊጡ በቀኝ፣ ጭራሮው በግራ፣ ሰፌዱ ግድግዳውን ተደግፎ፣ አክንባሎው ከጉልበታቸው አጠገብ። የይፋት ቆላ የማሽላ አገር ስለሆነ የዕለቱ ሊጥ የማሽላ ነው። ምጣዱን በጎመን ዘር አሰስ አሰስ አድርገው፣ በአንዲት ጣሳ ሊጡን ቀድተው፣ ከዳር ጀምረው እያዞሩ ወደ መሃል ይመጣሉ። ጣሳዋ የምትይዘው በትክክል ለአንድ እንጀራ የሚበቃውን ነው፤ አይተርፍም፣ አይጎድልም። አክንባሎውን ይደፋሉ፣ እሳቱን ቆስቆስ ያደርጋሉ፣ ከደቂቃዎች በኋላ ከፍተው ዳሩን በጣታቸው ያላቅቁና ሰፌዱን ከሥር ይሰዳሉ። የማሽላ እንጀራ ከጤፍ ይልቅ ለመሰባበር ይቀርባል፤ የእሳቸው ግን ሙሉውን ወጣ። ይህ ሁሉ ሲሆን ከዱካቸው ንቅንቅ አላሉም። ያስቸገራቸው ጭሱ ብቻ ነው።

ለአካል ጉዳተኛ የሚመች የማዕድ ቤት ዕቃ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው አዲስ፣ ውድና ባለ ኤሌክትሪክ የሆነውን ነው። ልጅየውም ያሰበው ይህንኑ ነው፤ ክፋት የለበትም። ነገር ግን የዕቃ ምቾት የሚለካው ከተጠቃሚው እጅ ተነስቶ ነው። ከዕቃው ዋጋ ከተጀመረ ውጤቱ ዳንቴል የለበሰ ምጣድ ይሆናል። እናቶቻችን የወረሱት ማጀት በብዙ ነገሩ አድካሚ፣ ለሳንባና ለዓይንም ጠንቅ ነው። ሆኖም መቆም ለማይችል ሰው አንድ ትልቅ ነገር አለው፤ ሁሉም ነገር መሬት ላይ ነው። ዘመናዊው ማዕድ ቤት ምድጃውን ወደ ወገብ፣ ቁም ሳጥኑን ወደ ግድግዳ፣ የውሃ ቧንቧውን ወደ ደረት ሲያወጣ መቆም የማይችለውን ሰው ወደ ውጭ አወጣው።

የዚህ ምጣድ መፍትሔ ደግሞ አውራ መንገዱ ዳር ነው ያለው። በር የሚበይድ ሰው የምጣድ እግርም ይቆርጣል። ጋጋሪዋ በምትቀመጥበት ዱካ ላይ ሆና ክንዷን ዘርግታ ሲለካ የምጣዱ ፊት ከክርኗ ዝቅ ማለት አለበት፤ ሊጥ የሚያፈሰው እጅ ከምጣዱ በላይ መዋል ስላለበት። እግሩን ጨርሶ አንስቶ ምጣዱን መሬት ላይ መዘርጋት ግን አደጋ አለው። ሪዚስታንሱና የሽቦው መግቢያ ከታች ነው፤ የፈሰሰ ውሃ ያገኘዋል። ስንዝር ያህል እግር ይቀርና እግሮቹ ከታች ሰፋ ብለው ይበየዳሉ፤ ምጣዱን ተደግፎ ለሚዞር ሰው መገልበጥ የለበትም።

ኤሌክትሪኩ ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፔር ይጠጋል። ከሱቅ የሚገዛ ተራ ማከፋፈያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለ10 አምፔር የተሠራ ነው። ቴሌቪዥንና የስልክ ቻርጀር በተሰካበት ማከፋፈያ ላይ ምጣድ ሲሰካ ሽቦው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉም ያውቃል። የሚያይና የሚሮጥ ሰው ሶኬቱን ነቅሎ ይተርፋል፤ በእጁ የሚሄድ ሰው ጊዜ የለውም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቤት ለምጣድ ብቻ ከቆጣሪው የተለየ ወፍራም መስመርና የራሱ ብሬከር ማስገባት ከምጣዱ ምርጫ ይቀድማል። ማብሪያና ማጥፊያው ከተቀመጡበት እጅ የሚደርስበት ቦታ ይሁን፤ ገመዱም መተላለፊያውን አያቋርጥ።

መብራት ሲጠፋስ? ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ የይፋት ሰው የለም። በ1980ዎቹ በአገራችን የኢነርጂ ባለሙያዎች የተሠራው “ምርጥ” የተባለው የእንጀራ ምድጃ እዚህ ላይ ይታወሳል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚጣል፣ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከብ ዝቅ ያለ ምድጃ ነው። እንጨቱ ከፊት በአንድ በር ይገባል፣ ጭሱ ከኋላ ይወጣል፣ በዚያው በኋላው በኩል የወጥ ድስት ይጣድበታል። ከጉልቻ ጋር ሲወዳደር እንጨቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል ተብሎ ነው የተሰራጨው። ሲሠራ ስለ አካል ጉዳተኛ የታሰበ አይመስለኝም፤ ግን ሳይታሰብ ገጥሟል። ከጉልበት በታች ስለሆነ ተቀምጦ ለሚጋግር ይስማማል። እሳቱ ደግሞ ታጥሯል።

የእሳቱ መታጠር ለአንዳንድ ሰው የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። የሚጥል በሽታ ያለባት ሴት ልጅ እሳት ላይ መውደቋ በገጠሩ ኢትዮጵያ የታወቀ መከራ ነው። ሰው ክፉ ልክፍት ነው ብሎ ስለሚሸሽ፣ አንስቶ የሚያወጣት እጅም ይዘገያል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ዙሪያ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ ይህ ሕመም እንዳለባቸው አሳይተዋል። እንግዲህ በየቀበሌው አሉ ማለት ነው። ለእንዲህ ያለች ሴት “ከእሳት ራቂ” የሚለው ምክር አይሠራም፤ የምትበላውን ማን ያበስልላታል? መድኃኒቷን ሳታቋርጥ መውሰድ ይቀድማል፤ ከዚያ የታጠረ ምድጃ፣ ከግድግዳ ጋር የተጣበቀ፣ የድስቱ እጀታ ወደ ውስጥ የዞረ። በከሰል ማንደጃ ላይ ጀበና ጥዶ ብቻዋን እንድትቀመጥ መተው ግን ነውር ነው።

ጭሱን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። የአማራ ክልል ትራኮማ በዓለም ላይ እጅግ ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ኢትዮጵያውያን 1.6ቱ ዓይነ ስውር መሆናቸው ታውቋል፤ ግማሽ ያህሉን ዓይን የጋረደው ሞራ ነው፣ ትራኮማም የራሱ ድርሻ አለው። በትራኮማ ሳቢያ ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ተገልብጦ ብሌኗን የሚወጋት ሴት እሳት አጠገብ መቀመጥ አትችልም፤ ሙቀቱም ጭሱም ያቃጥላታል። ለእሷ የኤሌክትሪክ ምጣድ ቅንጦት አይባልም። ከዚያ በፊት ግን የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምናው አለ፤ ጤና ጣቢያ ሳይሄዱ ምጣድ መግዛት ቅደም ተከተሉን መሳት ነው።

ጨርሶ ለማያዩትስ? ብዙ ሰው ዓይነ ስውር ሲጋግር ሲያይ ተአምር ይመስለዋል። ተአምር የለውም፤ ጆሮና አፍንጫ ነው። ምጣዱ በቂ ሙቀት ካለው ሊጡ ሲነካው ድምፅ ያሰማል፤ ካልጋለ ዝም ይላል። ከከደኑት በኋላ እንፋሎቱ ክዳኑን መትቶ በዳሩ ሲወጣ ሌላ ድምፅ አለው። እንጀራው ሲበስል የሊጥ ሽታው ሄዶ የእንጀራ ሽታ ይመጣል። ችግሩ ዕቃው መናገር ሲያቆም ነው። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጡት በመስታወት የተሸፈኑ የኢንዳክሽን ምድጃዎች ቁልፋቸው የሚነካ ምስል እንጂ የሚጨበጥ ነገር አይደለም። ጣት ሲንሸራተትበት 3 ላይ ይሁን 9 ላይ የሚለይ ነገር የለም። ይጮኻሉ፣ ግን ለመብራትም ለመጥፋትም፣ ለመጨመርም ለመቀነስም ያው አንድ “ጢጥ” ነው። ብዙዎቹ ማይክሮዌቮችም እንደዚያው ናቸው። በአንጻሩ ርካሹ፣ እያንዳንዱ ደረጃ ላይ “ቀጭ” የሚል ማዞሪያ ያለው ስቶቭ ለማያይ ሰው በብዙ እጥፍ ይሻላል። ማዞሪያው ላይ መስመር ከሌለው በሞረድ ጫር ማድረግ፣ መነሻው ላይ አንድ፣ መካከለኛው ላይ ሁለት የሱፐር ግሉ ጠብታ ጣል አድርጎ ማድረቅ ይበቃል። አንድ ነገር ግን መርሳት የለም፤ ባለ ብዙ ማዞሪያ ምድጃ ከሆነ የትኛው ማዞሪያ የየትኛው እሳት እንደሆነ በእጅ ዳሶ ማወቅ መቻል አለበት።

ክዳኑን አንድ አፍታ እንየው። የምጣድ ክዳን ሲከፈት መጀመሪያ የሚወጣው እንፋሎት የሚያገኘው የከፈተውን ክንድ ነው። የሚያይ ሰው ይሸሻል። ለማያይ፣ እጁ ለሚንቀጠቀጥ፣ ክንዱ ለማይታጠፍ ሰው በማጠፊያ የተያያዘ፣ ከፊት ተነስቶ ወደ ኋላ የሚገለጥ ክዳን ይመረጣል፤ እንፋሎቱን ወደ ግድግዳው ይልከዋል። ያልተያያዘው ክዳን ግን መሬት ሲያስቀምጡት ቦታ ይፈልጋል፣ ይንከባለላል፣ ተመልሶም መፈለግ አለበት።

ሕመም የማይሰማው እጅ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የሥጋ ደዌ ነርቭን ስለሚጎዳ በሽታው ከዳነ በኋላም ጣቶች ሙቀትና ሕመም ላይሰማቸው ይችላል። አዲስ አበባ ያለው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው ለዚሁ ሕመም ነው፤ በወሎ በኩል ቦሩ ሜዳ ለረጅም ዘመን የታማሚዎች መድረሻ ሆኖ ቆይቷል። እንዲህ ያለች ሴት የጋለ ብረት ድስት ስታነሳ እጇ እየተቃጠለ አታውቅም። የምታውቀው ሽታው ሲመጣ፣ ወይም በማግስቱ ውሃ የቋጠረውን ስታይ ነው። ቁስሉ ይመረቅዛል፣ ጣት ይሄዳል። ለእሷ የሚገዛ ድስት እጀታው እንጨት ወይም ሙቀት የማያስተላልፍ ነገር ይሁን፤ ሁለት ጆሮ ያለው አልሙኒየም ድስት አይሆንም። ማማሰያው ረጅም የእንጨት ይሁን። ጨርቅ ይዞ ማንሳት ልማድ መሆን አለበት፤ “ሞቋል ወይ?” ብሎ በጣት መሞከር እሷ ዘንድ መልስ የለውም። መሞከር ካለበት በክርን ነው፣ እሱም ስሜቱ ካለ። ጀበና ሲባል ሰው ይረሳዋል እንጂ እጀታው ከነበልባሉ ስለማይርቅ ይግላል፤ በጨርቅ ወይም በገመድ የተጠመጠመበት ይሻላል።

ሸዋሮቢት ዙሪያ የመስኖ ሽንኩርት አገር ነው። ለወጥ የሚከተፈው ሽንኩርት ብዛት ደግሞ የታወቀ ነው። ስትሮክ መትቷት ግማሽ ጎኗ የማይታዘዝ ሴት ወጥ ቤቷ ውስጥ መጀመሪያ የምትሸነፈው በምድጃው አይደለም፤ በሽንኩርቱ ነው። ቢላዋ የያዘው እጅ አለ፣ ሽንኩርቱን የሚይዘው የለም። አናጢ ዘንድ ሄዶ አንድ ጠንካራ የእንጨት መክተፊያ ላይ ሁለት የማይዝጉ ምስማሮች ከሥር ወደ ላይ እንዲያወጣ ማስመታት ነው። ሽንኩርቱ ምስማሩ ላይ ይሰካል፤ አንድ እጅ ይልጠዋል፣ ይከትፈዋል። በመክተፊያው ሁለት ዳር ላይ ዝቅተኛ የእንጨት ከንፈር ከተሠራ ዳቦም ይይዛል። ሳህን እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ይነጠፋል። ወጥ ሲማሰል ድስቱ አብሮ እንዳይዞር ማቶት ይበቃል፤ ከጨርቅ ወይም ከሰሌን የተጠቀለለ፣ ድስቱ ጥብቅ ብሎ የሚቀመጥበት። ይህ ከውጭ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ጀበናችን ሁልጊዜ የተቀመጠበት ነው። ምስማር ላይ የተሰካ ሽንኩርት ለማያይ ሰው ግን አይሆንም፤ እንዲህ ነው ነገሩ፣ ለአንዱ የተመቸው ለሌላው ወጥመድ ይሆናል።

ለቁርጥማት እጅ መያዣ ማወፈር ያስፈልጋል። ቀጭን የቢላዋ እጀታ ላይ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ ሁለት ሦስት ዙር ሲጠመጠምበት የማይጨበጠው ይጨበጣል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990 ኦክሶ የተባለ ድርጅት በወፍራም የጎማ እጀታዎቹ ስም ያወጣው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ መሥራቹ ሳም ፋርበር ያነሳሳው ሚስቱ ቤትሲ በቁርጥማት ምክንያት የአትክልት መላጫ ለመያዝ መቸገሯ ነበር። ከዚያም በፊት ኢንጂነሯ ሊሊያን ጊልብሬዝ በ1940ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ለልብ ሕመምተኞች የሚሆን ማዕድ ቤት ስታቅድ የሴቶቹን እርምጃ ቆጥራ፣ የጠረጴዛውን ከፍታ በአብሳይዋ ቁመት ለክታ፣ ተቀምጦ መሥራትን ደንብ አድርጋለች። የካራቆሬዋ እናት ይህን ሁሉ ማንም ሳይነግራቸው በማጀታቸው ሠርተውታል።

አንድ ቅር የሚል ነገር አለ፤ የእንጀራ ትልቅነት። ከ50 ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ እንጀራ ለማውጣት አንድ እጅ ያላቅቃል፣ አንድ እጅ ሰፌድ ይሰዳል። በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ለኖርዌጂያን ቂጣ የተሠራ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ሙቀቱን በቁጥር የሚያሳይ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይዘው ትንሽ እንጀራ ለምደዋል፤ ማንም አላፈረም። እዚህ ግን ትንሽ እንጀራ ለእንግዳ ማቅረብ ይከብዳል። በአንድ እጅ የምትጋግር ሴት በኩራቷ ሰበብ ከጋገራው እንድትወጣ ከማድረግ መሶቡን ማሳነስ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሕጉ ምን ይላል? ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624/2001ም በአንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ አዟል። የሰው ማጀት ግን ሕዝብ የሚገለገልበት አይደለም። ሆኖም ይህ አካባቢ ቤቱን ደጋግሞ የሠራ ነው፤ በ1953ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በ2013ም አጣዬና አካባቢዋ ሲቃጠሉ። አዲስ ማጀት ሲሠራ የደጃፉን ደፍ ማስቀረት፣ በሩን ለዊልቸር የሚበቃ ማድረግ፣ ሶኬቱን ከመሬት እጅ የሚደርስበት ከፍታ ላይ ማስገባት ተጨማሪ ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። ግድግዳው ከተመረገ በኋላ ግን አለው።

ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው አብሳይዋን ይዞ ይሂድ። ካልተቻለ የክርኗን ከፍታ በገመድ ለክቶ፣ ቋጥሮ ይዞ ይሂድ። ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ይሞክር፣ ዓይኑን ጨፍኖ ማዞሪያውን ይዳስስ፣ በአንድ እጅ ክዳኑን ይክፈት። የፕሬዠር ድስት ክዳን ለመግጠም ሁለት እጅ ይጠይቃል፤ ፉጨቱ ለማያይ ይናገራል፣ መስማት ለተሳናት ግን ምንም አይልም፣ ስለዚህ እሷ የምትገዛው እንፋሎቱ ሲሞላ ከፍ የሚል ምልክት ያለውን ነው። ማሾ ለመቀቀል ጊዜና ማገዶ እንደሚቆጥብ ግን አያከራክርም። ሻጩ “ይኼ ዘመናዊ ነው” ሲል መልሱ “ሲበላሽ ማን ይሠራዋል?” ነው። የኢንዳክሽን ምድጃ ቦርዱ ሲሞት አዲስ አበባ ይላካል፤ ቤት ውስጥ ሌላ ምድጃ ለሌላት ሴት ደግሞ ያ ወር ረጅም ነው። የሸክላ ምጣድ ሪዚስታንስ ሲበጠስ ካራቆሬ ካልተገኘ ከሚሴ ወይም ኮምቦልቻ ይገኛል፤ ሠራተኛው ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ቀይሮ ይመልሰዋል።